ስለ አስም ሕመም፤ የጉና ነፋስና የጎጆው ጢስ

ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት የሚወስደውን መንገድ በማለዳ የያዘ መንገደኛ፥ ከጉና ተራራ ግርጌ ያሉትን መንደሮች ሲመለከት፥ ከየጎጆው ክዳን ላይ ጢስ እንደ ጉም ሲተን ያያል። ይህን ያየ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል፤ ጢስ ያለበት ቤት ሰው ያለበት፥ እንጀራም የሚጋገርበት ቤት ነውና። በኢትዮጵያ ልማድ ጢሱ የጠፋ ቤት ባድማ ይባላል። ነገር ግን በሣሩ መካከል ሾልኮ የወጣው ጢስ ለመንገደኛው ዐይን የሚያምረውን ያህል፥ ሳይወጣ በውስጥ የቀረው ጢስ በባለቤቶቹ ሳንባ ላይ ምን እንደሚሠራ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው።

በደብረ ታቦር ከተማና በደቡብ ጐንደር ደጋ የሚታየው አስም የሚባለው ሕመም፥ ስለ ብዛቱም ስለ ሕክምናውም፥ ሹማምንቱና ካህናቱ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር ሆኗል። ይህ ሕመም እንደ ወረርሽኝ በአንድ ሳምንት መንደር አይፈጅም፤ እንደ ወባም ወቅቱን ጠብቆ በዐዋጅ አይዘመትበትም። ሰውን አንድ በአንድ፥ በሌሊት፥ በየቤቱ ያንቃል። ስለዚህም በየጉባኤው ስሙ ሳይነሣ ይቀራል።

አስም ማለት፥ አየር ወደ ሳንባ የሚወርድባቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጣቸው ቈጥቶና አብጦ የሚኖርበት ሕመም ነው። ያበጠው ቧንቧ እንደ ቍስል ስለ ሆነ ጥቂት ነገር ያስቈጣዋል፤ ቀዝቃዛ ነፋስ፥ ጢስ፥ አቧራ፥ የአበባ ብናኝ፥ የድመት ጠጕር፥ ጕንፋን፥ ሩጫም ቢሆን ይበቃዋል። በተቈጣም ጊዜ በቧንቧው ዙሪያ ያሉት ጡንቻዎች ይኰማተራሉ፤ አክታ ይሞላዋል፤ ሕመምተኛውም አየር ከማስገባት ይልቅ የገባውን ማስወጣት ይሳነዋል። ከደረቱም እንደ ዋሽንት ያለ ሲርሲርታ ይሰማል። ይህም የሚብሰው በመንፈቀ ሌሊትና ሊነጋ ሲል ነው። ቀን እርሻውን ሲያርስ የዋለ ሰው ሌሊት ተነሥቶ፥ ሁለት እጁን በጕልበቱ ላይ አስደግፎ፥ ተቀምጦ ያድራል። በማግሥቱ ወደ ጤና ጣቢያ ቢሄድ ደረቱ ጸጥ ብሎ ስለሚገኝ፥ የመረመረውም ሰው ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ ሳይጠይቀው ከቀረ፥ ምንም የለብህም ተብሎ ይመለሳል።

በደጋው ሕዝብ ዘንድ የዚህ ሕመም ስም ብዙ ጊዜ ብርድ ነው። ብርድ መታው፥ ብርድ ገባበት ይባላል። መቼም ስም ሲሳሳት መድኀኒቱም ይሳሳታል። ብርድ መታው የተባለው ሰው ጋቢ ተደርቦለት ወደ ምድጃው ይጠጋል፤ ነፋስ እንዳይገባ በሩ ይዘጋል፤ እሳቱም እንዲሞቀው እርጥብ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ኩበት ይጨመርበታል። ያን ጊዜ ጢሱ ቤቱን ይሞላዋል፤ ሕመምተኛውም ይብስበታል። ሲብስበትም ብርዱ ጸናበት ተብሎ እሳቱ እንደገና ይቈሰቈሳል። ቤተ ሰቡ ይህን የሚያደርገው በፍቅርና በርኅራኄ መሆኑ የነገሩን አሳዛኝነት ያበዛዋል።

ብርዱ ፈጽሞ ንጹሕ ነው ለማለት አይደለም፤ ቀዝቃዛ አየር በእርግጥ ያስነሣዋል። ነገር ግን ከፍታ ያለው አገር ለአስም ጠላት ብቻ ነው ብሎ ማመን ስሕተት ነው። በስዊስ አገር ዳቮስ የምትባል፥ ከባሕር ወለል 1,560 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ አለች። የአውሮፓ ሰዎች፥ ይልቁንም የሆላንድ ሰዎች፥ አስም የጸናባቸውን ሕመምተኞች ለብዙ ዘመን ወደዚያ ይልኩ ነበር፤ ምክንያቱም በመኝታና በአቧራ ውስጥ የሚኖሩት በዐይን የማይታዩ ተባዮች፥ አስምንም ከሚያስነሡት ዋነኞች የሆኑት፥ በብርዳማና በደረቅ ከፍታ ስለማይበዙ ነው። ደብረ ታቦር ግን ወደ 2,700 ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች። እንግዲህ ሌላው ገንዘቡን ከፍሎ የሚሄድበትን አየር የጉና ሰው በደጁ ያገኘዋል፤ ከደጁ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን በጢስ ይለውጠዋል።

የሕመምተኛውን ዓመት በወር በወሩ የተከታተለ ሰው ይህን በግልጥ ይረዳዋል። በሰኔ ዝናሙ ሲጀምር ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር ይሰበሰባል፤ እንጨቱ ይርሳል፤ ጕንፋንም በልጆች መካከል ይዘዋወራል። በመስከረም ሜዳው ሁሉ አበባ ይሆናል፤ ለሌላው ደስታ የሆነው አበባ ለእርሱ ማስነጠስና መታፈን ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ይወርዳል። ወዲያውም ውቂያ ይመጣና፥ በአውድማው ላይ ገለባው ወደ ነፋስ ሲበተን ገብስ አበራዩ ራሱ ከአቧራው ውስጥ ይቆማል። የገብስ አቧራ ከሁሉ ይልቅ የሚከረክር መሆኑን ገበሬው ሐኪም ሳይነግረው ያውቀዋል። በፎገራ ሜዳም ሩዝ መዘራት ከተለመደ ወዲህ የሩዙ መፈልፈያ አቧራ በዚህ ላይ ተጨምሯል።

ስለ ሕመሙ ብዛት የታወቀውን እንናገር ቢባል፥ የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በዓለም ላይ 262 ሚሊዮን ሰዎች አስም እንዳለባቸው፥ በዚያውም ዓመት 455 ሺህ ሰዎች በዚሁ እንደ ሞቱ ገምቷል። ልብ ሊባል የሚገባው ቍጥሩ ብቻ አይደለም። አስም ይበልጥ በባለጠጎች አገር የሚወራ ሕመም ሲሆን፥ ከሚሞቱት የሚበዙት ግን በድኻ አገሮች ያሉት ናቸው። ይህም ልዩነት ከሕመሙ ክፋት ሳይሆን ከመድኀኒቱ መታጣት የመጣ ነው።

በኢትዮጵያ ስለ አስም ከተደረጉት ጥናቶች ስሙ በዓለም የተሰማው በጅማ ከተማና በዙሪያው ገጠር ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠይቀው፥ በ1997 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ላንሴት በሚባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የታተመው ነው። በዚያም አስም በከተማው ሰው ላይ ከገጠሩ ይልቅ በዝቶ ተገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ በዚያው አካባቢ የተደረገ ሌላ ጥናት፥ የመንጠቆ ትል በሆዳቸው ያለባቸው ሰዎች የደረት ሲርሲርታ እንደሚያንሳቸው ገለጠ። ትል ለሰው ይጠቅማል ተብሎ እንዳይታሰብ፤ የመንጠቆ ትል ደም መጣጭ ነው። ነገሩ የሚያስረዳው፥ ሰው ከገጠር ወደ ከተማ ሲገባ አኗኗሩ እየተለወጠ፥ ሰውነቱም ትንሹን ነገር ሁሉ እንደ ጠላት መቍጠር እንደሚጀምር ነው። ደብረ ታቦር በራስ ጕግሣ ዘመን የተቈረቈረች፥ ዐፄ ቴዎድሮስም የከተሙባት ጥንታዊት ከተማ ብትሆንም፥ ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ ያላት፥ ከየወረዳው ሰው የሚጐርፍባት ሰፊ ከተማ የሆነችው በቅርቡ ነው። የጅማው ነገር በርሷም የሚደርስ ከሆነ፥ ዛሬ በከተማዋ የሚወለዱት ልጆች ከአያቶቻቸው ይልቅ ለአስም የቀረቡ ይሆናሉ ማለት ነው። የገጠሩ ጢስና የከተማው አኗኗር ባንድ ቤት ሲገናኙ ደግሞ ሁለት ዕዳ ይሆናል፤ የደብረ ታቦር ቤተ ሰብ ብዙው ገና በእንጨትና በከሰል ያበስላልና።

በደብረ ታቦር ሆስፒታል መዝገብ ላይ የሚገኘው ቍጥር የደረሱትን ሰዎች ቍጥር ነው። ከስማዳ ወይም ከታች ጋይንት ቆላ አፋፍ ተነሥቶ ደብረ ታቦር መድረስ ለደኅና ሰው እንኳ አድካሚ ነው፤ ትንፋሹ ላጠረ ሰውማ እንዴት ይሆናል። ስለዚህ መዝገቡን ብቻ አይቶ አስም በዚህ አገር ጥቂት ነው የሚል ሹም ቢኖር፥ በወንዝ ማዶ ያሉትን ሳይቈጥር መንጋውን ቈጠርሁ እንዳለ እረኛ ነው።

ደግሞም የሚሸሸጉ አሉ። ሳል የበዛበት ሰው የሳንባ ነቀርሳ አለበት ተብሎ እንዳይጠረጠር፥ ጽዋውም እንዳይለይበት ይፈራል። ልጃገረድ ከሆነች ወላጆቿ ለጋብቻ እንዳይከለክላት ብለው ይደብቁላታል። በሽታውን የደበቀ መድኀኒት የለውም የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም፤ ሆኖም ሁሉም ይደብቃል። አስም ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በአንድ ጽዋ ቢጠጡ፥ በአንድ መኝታ ቢተኙ አይጋባም። ይህች አንዲት ቃል በቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት ላይ ብትነገር፥ በብዙ ወረቀት ከሚበተነው ምክር ይልቅ ትሠራለች።

በሕፃናት ላይ ያለው ነገር የባሰ ነው። ልጁ ሌሊት ሌሊት ሲያስል እንጥሉ ወረደ ይባልና እንጥሉ ይቈረጣል። እንጥል ከጉሮሮ በላይ የተንጠለጠለ ሥጋ ነው፤ አስም ያለው ከጉሮሮ በታች በሳንባ ቧንቧ ውስጥ ነው። ስለዚህ የተቈረጠው ልጅ ሳሉ አይቀርለትም፤ ደም መፍሰስና የቍስል መመረቅዝ ግን ይጨመርበታል፤ በዚህም የሞቱ አሉ። እንጥል ቈራጩን መውቀስ ቀላል ነው። እናቲቱ ልጇን ወደ እርሱ የወሰደችው ግን በአቅራቢያዋ ያለው ጤና ኬላ ስለ ልጅ አስም የሚነግራት ነገር ስላልነበረው እንደ ሆነ ማሰብ ደግሞ ይገባል።

አሁን ወደ ሕክምናው እንምጣ ቢባል፥ ከሁሉ የሚያስገርመው መድኀኒቱ አዲስና ብርቅ አለመሆኑ ነው። በአፍ የሚሳበው፥ ሕዝቡ ፓፍ የሚለው የመድኀኒት ዕቃ በ1956 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ወጣ። የተኰማተረውን ጡንቻ የሚያላላው ሳልቡታሞል በ1969፥ የቧንቧውን እብጠት የሚያጠፋው ቤክሎሜታዞን የሚባለውም በ1972 ለሕዝብ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ከሃምሳ ዓመት በላይ ዐልፏል።

የእነዚህን የሁለቱን መድኀኒቶች ሥራ መለየት የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ነው። ጣራው የሚያፈስ ቤት ያለው ሰው ዝናም በዘነመ ቍጥር ከሚያፈስበት ሥር ድስት ይደቅናል፤ ድስቱም ለዚያች ሌሊት ያገለግለዋል። ሣሩን ካልከደነ ግን በየዝናሙ ድስት ሲደቅን ይኖራል፤ አንድ ቀንም ጣራው ሲወድቅበት ድስቱ አያድነውም። ሳልቡታሞል ድስቱ ነው፤ ጭንቁን በደቂቃዎች ውስጥ ያቀልላል፥ እብጠቱን ግን አይነካውም። ቤክሎሜታዞንና መሰሎቹ ክዳኑ ናቸው፤ በየቀኑ ሲሳቡ፥ ሕመምተኛው ምንም ባይሰማው እንኳ፥ እብጠቱን እያጠፉ ሕመሙ እንዳይነሣ ይከለክላሉ። ጊና የሚባለው የዓለም የአስም ሊቃውንት ጉባኤ በ2019 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ ዐዋቂዎችና ጐረምሶች በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከሙ፥ እብጠት የሚያጠፋውም መድኀኒት እንዲጨመርላቸው የወሰነው ስለዚህ ነው። ሳልቡታሞልን ብቻ እየደጋገሙ የሚስቡ ሰዎች ለሞት የቀረቡ መሆናቸው ተረጋግጧልና።

በገጠሩ ያለው ሕመምተኛ ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ድስቱን ነው፤ እርሱንም ሲያገኝ ነው። ፓፉ ሲጠፋ የሳልቡታሞል ክኒን ይሰጠዋል፤ ክኒኑ ቀስ ብሎ የሚሠራ፥ እጅን የሚያንቀጠቅጥና ልብን የሚያስመታ ስለ ሆነ ሊቃውንቱ አይመክሩትም። ወይም መርፌ ይወጋል፤ ሕዝቡም መርፌ ይወድዳልና ደስ ብሎት ይሄዳል። ቤክሎሜታዞኑ የታዘዘለትም እንደ ሆነ፥ ሁለት ሳምንት ስቦ ሲሻለው ዳንሁ ብሎ ይተወዋል፤ ወይም ሱስ ይሆንብኛል ብሎ ይፈራዋል። ፓፍ ሱስ አይሆንም። መድኀኒቱ በቀጥታ ወደ ሳንባ ስለሚገባ መጠኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ ከሳቡ በኋላ አፍን በውሃ መጕመጥመጥ ብቻ ያስፈልገዋል። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ክትትል ባላቸው የአስም ሕመምተኞች ላይ በተደረገ ጥናት፥ ከግማሽ የሚበልጡት ሕመማቸው በደንብ ያልተገታ ሆኖ ተገኝቷል። በዋና ከተማው፥ በትልቁ ሆስፒታል፥ በስፔሺያሊስት ፊት እንዲህ ከሆነ፥ በእስቴና በእብናት ጤና ጣቢያ ያለውን መገመት አያስቸግርም።

የአሳሳቡም ነገር አለ። ፓፉን ሲጫኑና ትንፋሽ ሲስቡ ጊዜው ካልገጠመ መድኀኒቱ በምላስና በጉሮሮ ላይ ይቀራል እንጂ ሳንባ አይደርስም። በብዙ አገሮች የተደረጉ፥ የአርባ ዓመት ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ፥ በትክክል የሚስበው ከሦስት ሕመምተኛ አንዱ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ በአርባውም ዓመት መሻሻል አልታየበትም። ይህ ለሠለጠኑትም አገሮች የሚያሳፍር ነው። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ ፓፉን ከአንድ ሰፊ መያዣ ጋር አገናኝቶ፥ መድኀኒቱን በመያዣው ውስጥ ነፍቶ፥ ቀስ ብሎ ከዚያ መተንፈስ ነው። መያዣው በፋብሪካ የተሠራ ሲሆን ዋጋው ብዙ ነው። ነገር ግን በደቡብ አፍሪቃ በኬፕ ታውን ከተማ የሕፃናት ሐኪሞች በ1999 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እንዳሳዩት፥ ግማሽ ሊትር የሚይዝ ተራ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡ በፓፉ አፍ ልክ ተበስቶ ቢሰካበት፥ ለልጆች ልክ እንደ ተገዛው ይሠራል። በደብረ ታቦር ጎዳና ላይ ተጥሎ የማይታይ የውሃ ጠርሙስ የለም። የሚጐድለው ጠርሙሱ ሳይሆን፥ በጋለ ሽቦ በስቶ ለእናቲቱ የሚያሳያት ባለሙያ ነው።

ስለ መድኀኒቱ ክፍያ መንግሥት ያደረገው መልካም ነገር አለ፤ ሊነገርም ይገባዋል። ማኅበረ ሰብ አቀፍ የጤና መድን የሚባለው ሥርዓት በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር፥ ከእነዚያ አንዱ የደቡብ ጐንደሩ ፎገራ ወረዳ ነበር። ገበሬው በዓመት አንድ ጊዜ ጥቂት ገንዘብ ይከፍላል፤ ሲታመም ያለ ክፍያ ይታከማል። ለአስም ሕመምተኛ፥ ዕድሜውን ሁሉ መድኀኒት ለሚያስፈልገው፥ ከዚህ የሚሻል ሐሳብ አይገኝም። ሆኖም መድኑ የሚሠራው መድኀኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ሲገኝ ነው። ከመደርደሪያው ከጠፋ፥ ሕመምተኛው ወረቀቱን ይዞ ወደ ግል መድኀኒት ቤት ይሄዳል፤ በዚያም የሚጠየቀው ዋጋ የዓመቱን መዋጮ የሚያስረሳ ነው። እንዲህ ሲሆን መዋጮውን ለምን ከፈልሁ ቢል ማን ይፈርድበታል? ቤክሎሜታዞን በጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ መኖሩና አለመኖሩ የመድኑን ሥርዓት እምነት የሚያጸና ወይም የሚንድ መሆኑን የዞኑ ሹማምንት ሊያስቡበት ይገባል። እንደ ቅንጦት የሚታይም አይደለም፤ የዓለም የጤና ድርጅት በትንፋሽ የሚሳበውን የዚህን ዐይነት መድኀኒት ከመሠረታውያን መድኀኒቶች መዝገብ ካገባው ዘመን ዐልፎታል።

ከዚህ ላይ የጦርነቱ መከራ ተጨምሯል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ጋይንት በደረሰ ጊዜ በንፋስ መውጫ የሕክምና ዕቃና መድኀኒት ተዘርፏል፤ በደብረ ታቦርም ላይ ከባድ መሣሪያ ተተኵሷል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ደግሞ መንገድ በተዘጋ ቍጥር የመድኀኒት መኪና ቆሟል። ወባ ወይም ኰሌራ ሲነሣ ለእርሱ የሚሆነው መድኀኒት በአጀብም ቢሆን ይደርሳል፤ የአስም መድኀኒት ግን የሚያጅበው የለም። አንድ ወር የተቋረጠበት ሕመምተኛ በዚያው ወር ባይሞት እንኳ፥ ቧንቧው ያለ ክዳን ቀርቷልና በሚመጣው ውርጭ የሚያገኘው ድንገተኛ ማፈን ያሠጋዋል። ስለዚህ መንገድ ሲከፈት ለሦስት ወር የሚበቃ ፓፍ በአንድ ጊዜ ለሕመምተኛው መስጠት፥ በሰላሙ ጊዜ ሥርዓት ባይሆንም፥ በዚህ ጊዜ ዕውቀት ነው።

ጤና ኤክስቴንሽን የሚባለው ሥራ በ1995 ዓ.ም. ተጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሴቶች ልጆች ከተሾሙ ወዲህ፥ በእናቶችና በሕፃናት ላይ የታየው ለውጥ የማይካድ ነው። እነዚህ ባለሙያዎች ቤት ለቤት ይገባሉ፤ ማን ሌሊት ሲያስል እንደሚያድርም ከሐኪሙ ቀድመው ያውቃሉ። ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ቢማሩ ይበቃል፤ ሳሉ እየመጣ ይሄዳል ወይ፥ ሌሊት ይብሳል ወይ፥ ደረቱ ያፏጫል ወይ። ሳሉ ሳያቋርጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ፥ ትኵሳትና መክሳት ካለበት ወደ ነቀርሳ ምርመራ ይላክ። ዕድሜዋን ሁሉ በምድጃ ላይ ጐንብሳ የኖረች አሮጊት ከሆነች ደግሞ፥ አስም ሳይሆን ጢስ የጐዳው ሌላ የሳንባ ሕመም ሊሆን ይችላልና እርሱም ይመርመር። የጭንቁንም ምልክት ማስተማር ያስፈልጋል፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ሳያርፍ መጨረስ ያቃተው፥ ከንፈሩ የጠቈረ፥ ወይም ሲተነፍስ የጎድኑ መሀል ወደ ውስጥ የሚሰረጕድ ሕፃን፥ ጸሎቱ እየተደረገለት በዚያው ሰዓት በቃሬዛም በበቅሎም ይወሰድ እንጂ እስኪነጋ አይጠበቅ።

ስለ ምድጃው የሚባለው ብዙ ነው፤ እውነቱን መናገር ግን ይሻላል። በኢትዮጵያ ከአሥር ቤተ ሰብ ዘጠኙ ያህል በእንጨት፥ በከሰልና በኩበት ያበስላል። ምርጥና ላቀች የተባሉት ምድጃዎች እንጨት እንደሚቈጥቡ የተመሰከረ ነው። ነገር ግን በማላዊ አገር ከአሥር ሺህ በላይ ሕፃናት የተካተቱበት፥ በ2016 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የታተመ ጥናት፥ የተሻለ ምድጃ መስጠት ብቻውን የሕፃናትን የሳንባ ምች እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ጢሱ በግማሽ ቢቀንስ፥ የቀረው ግማሽ ገና ብዙ ነውና። ስለዚህ ምድጃ አድለናል ብሎ ሪፖርት መጻፍ ሥራውን መጨረስ አይደለም። ማብሰያው ከመኝታው ይለይ፤ በጣራው ጫፍ ላይ ጢስ መውጫ ይከፈት፤ እንጨቱ በበጋ ተፈልጦ በጣራ ሥር ይድረቅ፤ ከብቱ ለብቻው ይደር፤ አስም ያለበት ልጅም እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ውጭ ይቈይ። መብራት በደረሰበት ቀበሌ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከብዙ ምክር ይበልጣል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ነው፤ እቶን አንድዶ መድፍ የቀለጠበት አገር፥ ለጎጆው ጢስ መውጫ የሚሆን የጭቃ ቧንቧ ማቆም ይሳነዋል ተብሎ አይታመንም።

ለካህናቱ የሚነገረው ከዚህ ልዩ ነው፤ የሚመለከታቸውም ከሁለት ወገን ነው። በመጀመሪያ ራሳቸው በትንፋሽ የሚያገለግሉ ናቸው። የድጓው ማስመስከሪያ ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ማስመስከሪያ ዙር አባ በዚህ በጋይንት ምድር ይገኛሉ። ከየአገሩ የሚመጡት ተማሪዎች በጠባብ የሣር ጎጆ ውስጥ እየተጠጋጉ ያድራሉ፤ ቍራሻቸውን የሚያሞቁት በዚያችው ጎጆ ነው፤ ደበሎውም አቧራ የሚጠራቀምበት ነው። ዜማ ሲያዜም ትንፋሹ የሚቋረጥበት ተማሪ ሰነፍ ተብሎ ይገሠጻል፤ ወይም ድምፅ የለውም ተብሎ ወደ ቅኔ ይመለሳል። ከእነዚህ አንዳንዱ አስም ያለበት ነው፤ መድኀኒቱን ቢያገኝ መሪጌታ የሚሆን ነበር። የጉባኤው መምህር ይህን አውቆ፥ ጐጆዎቹ ጢስ መውጫ እንዲኖራቸው ቢያደርግ፥ ሲርሲርታ የሚሰማበትንም ተማሪ ወደ ሐኪም ቢልክ፥ የቤተ ክርስቲያንን ዜማ ከመጥፋት እንደ ጠበቀ ይቈጠራል።

ስለ ዕጣን የሚነሣ ጥያቄ አለ። ዕጣን የመሥዋዕት ሽታ ስለ ሆነ ማንም ይቅር አይልም። ነገር ግን አስም ያለበት ዲያቆን ከጽናው ርቆ ቢቆም፥ መስኮት ባለበት ቤተ ክርስቲያንም በማዕጠንት ጊዜ መስኮቱ ቢከፈት፥ ሥርዓት አይጓደልም። በቤት ውስጥ በቡና ላይ የሚጤሰው ወገርትና ሉባንጃ ግን ሥርዓተ ቅዳሴ አይደለምና፥ ሕመምተኛ ባለበት ቤት ቢቀር ጕዳት የለውም።

ሁለተኛው ነገር ፀበል ነው። ሕመምተኛው ወደ ሐኪም ሳይደርስ ወደ ፀበል ይሄዳል፤ ይህም እምነቱ ነው። አስቸጋሪው፥ አንዳንዱ አጥማቂ ወደ ፀበሉ የገባውን ሰው ፓፍህን ጣል፥ እምነትህ ጐደለ ማለቱ ነው። ፀበሉ ቀዝቃዛ ሲሆንና ሰዓቱም ሌሊት ሲሆን፥ መድኀኒቱን የጣለ የአስም ሕመምተኛ በዚያው በውሃው ዳር ሊታፈን ይችላል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የኤች አይ ቪ ሕመምተኞች በፀበል ብለው መድኀኒታቸውን በተዉ ጊዜ፥ ፓትሪያርኩ አቡነ ጳውሎስ ፀበሉና መድኀኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚቻል በግልጥ መክረዋል። የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ የሆነው ሲራክም በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፥ መድኀኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። ለኤች አይ ቪ የተሰጠው ምክር ለአስም ያልተነገረው፥ አስም እንደዚያኛው ስላላስፈራ ብቻ ነው። እያንዳንዱ የፀበል ቦታ አስተዳዳሪ፥ ፓፉን በኪሱ የያዘ ሰው ይዞ እንዲገባ የሚፈቅድ ቃል ለአጥማቂዎቹ ለመናገር የበላይ ደብዳቤ መጠበቅ አያስፈልገውም።

መቼም የደብረ ታቦር ከተማ በስሟ የሚጠራ በዓል አላት። ነሐሴ 12 ቀን ማታ፥ ለቡሄ ዋዜማ፥ ልጆች ጅራፍ እያጮኹ ችቦ ያበራሉ፤ ያ ወቅት ደግሞ ዝናሙ ያልቆመበት፥ ጕንፋኑም የበዛበት ነው። በዓሉን ከልጁ መከልከል ጭካኔ ነው። አስም ያለበት ልጅ ቤክሎሜታዞኑን ከሰኔ ጀምሮ በየቀኑ ሲስብ ከከረመ፥ ሳልቡታሞሉም በእናቱ መቀነት ጫፍ ከተቋጠረ፥ ነፋሱ ጢሱን ከሚወስድበት በተቃራኒው ወገን ቆሞ ከጓደኞቹ ጋር ሆያ ሆዬ ይበል። ስለዚህም መድኀኒቱ ከየጤና ጣቢያው መደርደሪያ መድረስ ያለበት በነሐሴ ሳይሆን በግንቦት ነው።